ምርጊት

አውራ ጣት ነው። ከትከሻዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ጭቃ ላይ፣ አንድ ሰው ጠጠር ወትፎ በአውራ ጣቱ ጫን ያለበት ጎድጓዳ ይታያል። የጥፍሩ ጠርዝ የተወው ጭረት እንኳ አልጠፋም። ጭቃው ከደረቀ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። አስጎብኚዋ ግድግዳውን እንዳንነካ ደጋግማ ስላስጠነቀቀችን እጆቼን ኪሴ ከትቼ ነበር የቆምኩት፤ ኪሴ ውስጥ ያለው አውራ ጣቴ ግን ሳላዘው ሲጫን ታወቀኝ።

ቦታው ሜሳ ቬርዴ ይባላል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከአውሮራ በመኪና የሰባት ሰዓት ያህል መንገድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ገደሉ ወገብ ላይ፣ ወደ ውስጥ በገባ ሰፊ የአለት ከለላ ሥር፣ 150 ያህል ክፍሎች ያሉት መንደር ተደርድሯል። በዲሴምበር 1888 የጠፉባቸውን ከብቶች ሲፈልጉ የደረሱበት ሪቻርድ ዌዘሪልና ቻርሊ ሜሰን «የገደሉ ቤተ መንግሥት» ብለው ስም አወጡለት። አገሩ የነበረው የዩት ሕዝብ ግን ቀድሞም ያውቀው ነበር። ደግሞም ቤተ መንግሥት አይደለም። አንዱ መኖሪያ ክፍል በአማካይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ የነዋሪው ቁጥርም ወደ መቶ ሰው ይገመታል። ከብት ሊፈልግ ወጥቶ እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ያየ ሰው ንጉሥ ቢፈልግለት ግን አልፈርድበትም።

እማዬ ጉልበቷ መሰላሉን ስለማይችለው ከላይ፣ ገደሉ ፊት ለፊት ካለው መመልከቻ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቀርታለች። ለሦስት ወር ልትጠይቀኝ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ነው። ስመለስ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት። ስልኩን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ ያዘችና በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«ይሄ ጠጠር ለጌጥ እንዳይመስልህ» አለችኝ። «ጭቃ ብቻውን ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠጠሩ ነው የሚይዘው። የሠራችው ሰው ታውቅበታለች።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ፣ እማዬ?»

«አንተ በአውራ ጣትህ እንዲህ ትጫን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1630 አሎንሶ ደ ቤናቪዴስ የተባለ የስፔን ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ከእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ጋር ከርሞ በጻፈው ዘገባ ግድግዳ የሚያነሱት ሴቶች፣ የሚፈትሉና የሚሸምኑት ደግሞ ወንዶች መሆናቸውን በመገረም መዝግቧል። ወንዱን ግድግዳ ሥራ ቢሉት ይሸሻል፣ ሴቶቹም ይስቁበታል ይላል። እማዬ ቤናቪዴስን አታውቀውም። ጣቱን ነው ያየችው። አንድ ጣት ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ግን እሷ ያየችውን እኔ በመጽሐፍ በኩል ዞሬ መድረሴ አሁንም ትንሽ ያሳፍረኛል።

በዚህ አገር እንዲህ ያለውን የጭቃ ሥራ «አዶቤ» ይሉታል። ቃሉ የስፔን ነው ይባላል፤ ስፔኖች ከአረብ፣ አረቦች ከግብጽ ቅብጦች፣ ቅብጦች ደግሞ ከጥንቶቹ ግብጻውያን የወረሱት ነው። የአረብኛው «ጡብ» ከነመስተአምሩ ተለጥፎ ሲጠራ «አጡብ» ይሆናል፣ ከዚያ አዶቤ። እኛ ዘንድ ያው ቃል ጡብ ሆኖ ቀርቷል። አባይ ዳር በፀሐይ ትደርቅ የነበረች የጭቃ ቁራጭ ስሟ በአንድ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ ሱቅ፣ በሌላ በኩል ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደ ማለት ነው። የሚያስቀው፣ ስሙ ሲደርስ ሥራው እዚያ ነበር። የእነዚህ በረሃዎች ሰዎች ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት አብዛኛውን ጊዜ በቅርጽ የወጣ ጡብ አይጠቀሙም ነበር፤ ጭቃውን በእጃቸው እያፈሱ፣ ዙር በዙር እያደረቁ ነበር ግድግዳ የሚያሳድጉት። ወይም ድንጋይ ይጠርቡና በጭቃ ያያይዙታል።

መጀመሪያ ግን ድንጋይም አልነበረም። ከ550 ገደማ ጀምሮ ሜሳ ቬርዴ የሰፈሩት ሰዎች ቤታቸውን የሚሠሩት መሬት ቆፍረው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አራት ምሰሶ ይቆማል፣ በላዩ እንጨት ይጋደማል፣ ቅርንጫፍ ይነጠፋል፣ አፈር ይለብሳል። በ750 ገደማ ከጉድጓዱ ወጥተው መሬት ላይ መሥራት ጀመሩ። ቋሚ ይተከላል፣ ጭቃ ይመረግበታል፤ ማገርና ምርጊት ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1000 ገደማ ወደ ድንጋይ ተሸጋገሩ። እስከዚህ ድረስ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ የምናገኘው የዕድገት መሰላል ነው፤ ጉድጓድ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ። እኔን የያዘኝ የጉድጓዱ ነገር ነው። ድንጋይ ቤት ከገቡ በኋላም ጉድጓዱን አልተዉትም።

«ኪቫ» ይሉታል። ክብ ነው፣ ከመሬት በታች ነው፣ ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቶ ተለስኗል። የገደሉ መንደር ብቻውን ከ20 በላይ ኪቫ አለው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ለላዩ ሰው ግቢ ነው፤ ሴቶች የሚፈጩበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት። የሚገባውም የሚወጣውም በጣሪያው መሐል ባለው ቀዳዳ በመሰላል ነው፣ ያው ቀዳዳ ደግሞ የጭስ መውጫ ነው። ውስጡን ከላይ ሆኜ አየሁት። ግድግዳውን ተከትሎ መደብ አለ፤ የእኛው መደብ፣ ከድንጋይ የተሠራ። መሐል ላይ ምድጃ አለ። ከምድጃው ወዲያ የአየር መግቢያ ቦይ ተከፍቷል፤ በቦዩና በምድጃው መካከል ደግሞ አጭር ግንብ ቆሟል፣ የሚገባው ንፋስ እሳቱን እንዳይመታው፣ ተከፍሎ ዙሪያውን እንዲሄድ። ከምድጃው ወዲህ ወለሉ ላይ ቡጢ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዛሬ ያሉት ዘሮቻቸው ሆፒዎች «ሲፓፑ» ይሏታል። የሰው ልጅ ከታችኛው ዓለም ወደዚህኛው የወጣበት በር ምልክት ናት።

እንግዲህ አስቡት። ሕዝቡ ከጉድጓድ ቤት ወጥቶ በድንጋይ ቤት መኖር ሲጀምር፣ የድሮ ቤቱን የጸሎትና የመሰብሰቢያ ቦታ አደረገው። እኛ ቪላ ስንሠራ የድሮዋ ጭቃ ቤት ምን ትሆናለች? ጓሮ ትቀራለች፤ ወጥ ቤት፣ ካልሆነም ሰርቪስ። ሠራተኛዋ ታድርባታለች፣ የተሰበረ አልጋ ይከማችባታል። ያደግንበት ክፍል ነው ብሎ ጫማ አውልቆ የሚገባባት የለም። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም ያደግሁባት ክፍል አሁን የከሰል ማስቀመጫ ናት። የገደሉ ሰዎች ግን ያሳደጋቸውን ጉድጓድ ከሁሉ በላይ ወደሚከበረው ደረጃ አወጡት፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ እዚያው ታች እንዳለ አከበሩት። እነሱ ዘንድ ወደ ተከበረው ቦታ የሚሄድ ሰው ወደ ታች ነው የሚወርደው።

ገደሉ ራሱስ እንዴት ቤት ሆነ? ውኃ ነው የቆፈረው። ከአምባው ላይ የሚወርደው ዝናብና የሚቀልጠው በረዶ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከሥር ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ አለት ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይዞርና በገደሉ ፊት ያዣል። ክረምት ሲመጣ ይረጋል፣ ሲረጋ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ልጦ ይጥለዋል። በሺዎች ዓመታት ከለላ ይሆናል። ከዚህ ከለላ ጥግ ያው ውኃ እየተንጠባጠበ ነዋሪዎቹ በእንስራ ይቀዱት ነበር። ጣሪያቸውን የፈለፈለውን ጠጥተው ኖሩ ማለት ነው። ብዙዎቹ የተመረጡት ከለላዎች ደግሞ ፊታቸው ወደ ደቡብ ነው፤ በክረምት ዝቅ ብላ የምትሄደው ፀሐይ እስከ ጓዳ ትገባለች፣ በበጋ አናት ላይ ስትወጣ አለቱ ጥላ ይሰጣል። እኔ አውሮራ ውስጥ ይህንኑ ለማግኘት በየወሩ እከፍላለሁ።

እነሱ በአለቱ ውስጥ ድንጋይ ሲደረድሩ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው፣ በእኛ አገር ላሊበላ ላይ አለቱ ራሱ እየተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይሆን ነበር። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሥራዎች በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ቅርስ ብሎ በመዘገባቸው 12 ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አንድ ላይ ገቡ፤ ሰሜን ተራሮችም አብረው። ለእማዬ ይህን ስነግራት ደስ አላት፣ ግን ልዩነቱን ወዲያው ያዘችው። «ላሊበላማ ዛሬም ይቀደስበታል» አለች።

በረሃ እያልኩ ሜሳ ቬርዴን ማውራቴ ሊያስወቅሰኝ ይችላል። ደረቅ ቢሆንም ዛፍ አለው፣ ስሙም «አረንጓዴ ጠረጴዛ» ማለት ነው። እውነተኛውን በረሃ የሚፈልግ በስተደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ቻኮ ሸለቆ ይሂድ፤ የዓመት ዝናቡ 250 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የእነዚሁ ሰዎች ወገኖች ታላላቆቹን ሕንፃዎች የሠሩት እንግዲህ እዚያ ነው። ፑዌብሎ ቦኒቶ የሚባለው ብቻውን ከ600 በላይ ክፍሎች ነበሩት፤ በአንዳንድ ቦታ አራት ፎቅ ደርሷል። ከ850 ገደማ ጀምሮ እየተቀጠለ እየተጨመረ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። ለሸለቆው ሕንፃዎች ጣሪያ ከ200,000 በላይ ግንድ እንደገባ ይገመታል፤ ብዙው የመጣው 70 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚርቁ ተራሮች ነው። መንኮራኩር አልነበራቸውም። የጭነት ከብት አልነበራቸውም። የነበራቸው የቤት እንስሳ ውሻና ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ነው። ግንዱ የሄደው በሰው ትከሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር ሳስብበት እከርማለሁ። የፑዌብሎ ቦኒቶ ግድግዳ መሐሉ በድንጋይና በጭቃ የተሞላ ነው፤ ሁለቱ ፊቱ ግን በተመረጠ ድንጋይ ተለብጧል። ወፈር ያለ ድንጋይ አንድ ረድፍ ይሄዳል፤ በላዩ እንደ ጣት የቀጠኑ ስስ ድንጋዮች ሦስት አራት ረድፍ ይደረደራሉ፤ እንደገና ወፍራሙ ይመለሳል። ልክ እንደ ጥለት። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ተደግፎ ፎቶ የሚነሳው እሱን ነው። ሰዎቹ ግን ይህን ጥለት ሠርተው ሲጨርሱ በጭቃ ለሰኑት። ልስኑ በዘመን ብዛት ስለረገፈ ነው እኛ ያየነው፤ በዘመኑ የኖረ እንግዳ አላየውም።

ለምን? ጭቃው ግድግዳውን ከዝናብና ከንፋስ ይጠብቃል፤ ይህ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ሊሸፍኑት ነገር ያን ያህል መጨነቃቸው ነው። ብዙ መልስ ይሰጣል፤ ለጥንካሬው ነው፣ የግንበኞቹ ልማድ ነው ይባላል። እኔ እማዬ ጥልፍ ስትገዛ የምታደርገው ይታየኛል። ፊቱን አታየውም። ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው፣ ክሩ የታሰረበትን፣ ማንም የማያየውን። ጀርባው ከተዝረከረከ ቀሚሱን ትመልሳለች። ቻኮ ላይ ድንጋይ የደረደረ ሰው እንዲህ ያለች ገዢ ከኋላው ቆማ ይሆናል፤ አማልክት ይሁኑ አማት አላውቅም።

እዚያው ፑዌብሎ ቦኒቶ ጀርባ፣ ከገደሉ ተገንጥሎ ወደ መንደሩ ያዘመመ፣ ወደ 30,000 ቶን የሚገመት አለት ቆሞ ነበር። ሰዎቹ አይተውታል። ከሥሩ በድንጋይና በእንጨት ደግፈውት፣ አፈር ሞልተውለት፣ ከፊቱ መኖራቸውን ቀጠሉ። ከሄዱ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1941፣ አለቱ ወደቀና ወደ 30 የሚጠጉ ክፍሎችን ጨፈለቀ። ባዶ ክፍሎች ነበሩ። መሐንዲስ ቢጠየቅ ቦታው ለቤት አይሆንም ይል ነበር፤ ትክክልም ነው። እነሱ ግን ከሚያሰጋ ጎረቤት ጋር እንደሚኖር ሰው በየጊዜው ድጋፉን እያዩ፣ እየጠጋገኑ፣ ትውልድ አሳለፉበት።

ስለ መሄዳቸው ላውራ። የገደሉ መንደር የተሠራው ከ1190ዎቹ ወዲህ ነው፤ በ1300 ገደማ ሜሳ ቬርዴ ላይ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ግንባታ መቶ ዓመት ያህል ነው የተኖረበት፤ አያት የጠረበችውን ድንጋይ የልጅ ልጅ ጥሎት ሄደ። ይህን በዓመት ቆጥሮ ለማወቅ የተቻለው በጣሪያው እንጨት ነው። አንድሪው ዳግላስ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ጠባይ ለማጥናት ብሎ የዛፍ ቀለበት ይቆጥር ነበር። በሕይወት ካለ ዛፍ ወደ ኋላ የሄደው ቆጠራ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከፍርስራሾቹ ወራጅ የተገኘው ቆጠራ ደግሞ ለብቻው ይንሳፈፋል። በጁን 1929 አሪዞና ውስጥ ሾው ሎው በምትባል ቦታ ከመሬት የወጣ አንድ ከሰል የሆነ ግንድ ሁለቱን አገናኛቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቶቹ ዕድሜያቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ከ1276 እስከ 1299 ያሉት ቀለበቶች ቀጫጭን ናቸው፣ ድርቅ ነበር። ድርቁ ብቻውን አላስወጣቸውም፤ ጠብም ነበር፣ መሬቱም ደክሟል፣ እንጨቱም አልቋል።

የቆዩ መጻሕፍት «በምስጢር የጠፉ ሕዝቦች» ይሏቸዋል። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። አልጠፉም፤ ቤት ለቀቁ። ወደ ደቡብ ወርደው ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳርና ሆፒ አምባዎች ላይ ሌላ ቤት ሠሩ፤ ሆፒዎች፣ ዙኒዎች፣ አኮማዎች፣ የወንዙ ዳር መንደሮች ሕዝብ ዛሬም አለ። ስንቱ ወገኔ ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል፤ አውሮራ ላይ እንጀራ እየጋገረ «የጠፋ ሕዝብ» ቢባል ምን ይሰማዋል? ሆፒዎች ፍርስራሾቹን የሚጠሩት «ዱካችን» በሚል ቃል ነው። ዱካ የሚተወው የሚሄድ ሰው ነው፤ የተቀመጠ ዱካ የለውም። በ1891 ጉስታፍ ኖርደንሾልድ የተባለ ወጣት ስዊድናዊ ሜሳ ቬርዴን ቆፍሮ ያወጣውን አጽምና ዕቃ ጭኖ ሄደ፤ ስብስቡ ዞሮ ዞሮ ሄልሲንኪ ሙዚየም ገባ። በሴፕቴምበር 2020 የ20 ሰዎች አጽምና 28 የመቃብር ዕቃዎች ተመልሰው በዘሮቻቸው እጅ እዚያው መሬት ውስጥ ተቀበሩ። የጠፋ ሕዝብ አጽም አይጠይቅም።

አጽሞቹ ሲመለሱ እንግዲህ ቤቱ እንደነበር ነው። የገደሉ መንደር የቆመው ሰው ስለሌለበት፣ ዝናብም ስለማይደርሰው ነው። ከዚያው ሕዝብ የወጡት፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ታኦስ ላይ ያሉት ደግሞ በተቃራኒው ይኖራሉ። የታኦስ ፑዌብሎ ጭቃ ቤቶች ዝናብ ይመታቸዋል፣ በረዶ ይሸፍናቸዋል፤ ወደ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያገኙት ሰዎቹ በየዓመቱ እንደገና ስለሚለስኗቸው ነው። ዛሬ የሚነካው ጭቃ የአምና ነው። ታዲያ የትኛው ነው ጥንታዊ? የደረቀው አውራ ጣት ወይስ ዘንድሮ ጭቃ የነካው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ዓይኔን የሞላው የመጀመሪያው ቢሆንም።

ከታኦስ ብዙም ሳይርቅ አንድ የቆየ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1960ዎቹ ምእመናኑ በየዓመቱ መለሰን ሰልችቷቸው በሲሚንቶ ሸፈኑት። ውኃው በስንጥቅ ገባ፣ መውጫ ግን አጣ፤ ከሲሚንቶው ጀርባ ጭቃው መበስበስ ጀመረ። ሲሚንቶውን ልጠው ወደ ጭቃ ተመለሱ፤ አሁን በየዓመቱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይለስነዋል።

ይህን በመኪና ስንመለስ ለእማዬ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። የእሷ ቤት ከአራት ዓመት በፊት እኔ በላክሁት ገንዘብ ነው በሲሚንቶ የተለሰነው። ግንበኛው ሃያ ዓመት ዋስትና ሰጥቶ ነበር፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ አበጠ፣ ሲነካካ ቋሚዎቹ ከሥር በስብሰዋል። እኔ ጥፋቱን በሲሚንቶው ማነስ ላይ ሳላክክ ነው የኖርኩት። «ላብ አጥቶ ነዋ» አለች በመጨረሻ። «ቤት ላብ ካልወጣው ይታመማል።»

አፓርታማዬ ስንደርስ ደረጃው ላይ ቆም ብላ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች። ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ካርቶን ነው እንዴ ልጄ?» አለች። ጂፕሰም ቦርድ ነው አልኳት። ሌላ ቦታ ላይ ደገመች፤ ያው ነው። ያን ሌሊት ከክፍሏ ሁለት ጊዜ የማንኳኳት ድምፅ ሰማሁ፣ መተኛት ስላልቻለች ይሆናል።

ወደ ቤቷ ከተመለሰች አራተኛ ሳምንቷ ነው። ትናንት ደወለች። የጓሮውን ሲሚንቶ የጎረቤት ልጆች በመዶሻ አራግፈውታል፣ ሁለት ቋሚ ተቀይሯል፣ አፈሩ መጥቷል። የጤፍ ጭድ ዘንድሮ ተወድዷል ብላ ብዙ አማረረች። ጭቃው ግን ተረግጦ ተኝቷል፤ ሳምንት ይቆያል፣ እስኪሸት።

«ማን ረገጠልሽ?» አልኳት።

«ልጆቹ ናቸው። እኔም ትንሽ ገባሁበት» አለችኝ፤ ከበስተጀርባ ሰው ይስቅ ነበር።